ከኮሶዬ በታች

ምስጋናው አዘዞ ውስጥ በያጅ ነው። እህቱ ትርንጎ ከኮሶዬ በታች፣ መኪና በማይደርስበት መንደር ትኖራለች። አምና ምጥ ይዟት በቃሬዛ ሲያወጧት፣ ከአስፋልቱ ሳይደርሱ ልጇ ሞተባት። ከዚያ ወዲህ ምስጋናው የአባቱን አሮጌ ቮልስ ግቢው ውስጥ ቆራርጦ፣ አካሉን በቧንቧ ብረት በይዶ፣ ትልልቅ ጎማ ገጠመለት። ድንጋይና ጭቃ የሚያልፍ መኪና ለመሥራት አምስት ወር ፈጀበት።

አንድ ቀን ጠዋት የትርንጎ ባል ፋንታሁን ደወለ። «ምጡ ጀምሯታል፤ ድረስልን!»

ምስጋናው በሠራው መኪና ቁልቁለቱን እንዳጋመሰ የፊት ጎማው ተገንጥሎ መንገዱ ዳር ወደቀ። የለቀቀው የገዛ እጁ ብየዳ ነበር። ብረቱን በድንጋይ እየቀጠቀጠ ሊመልሰው ታገለ፤ አልሆነለትም። መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

መኪናው ሲዘገይባቸው ፋንታሁንና ጎረቤቶቹ ትርንጎን በቃሬዛ ተሸክመው ዳገቱን ይዘው ነበርና እዚያው አገኙት።

«እህቴ፣ ይቅር በይኝ» አላት።

«ምነው ቆምህ? ያዝ እንጂ!» አለችው ጥርሷን ነክሳ።

የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ተቀብሎ ሽቅብ ሮጠ። ጤና ጣቢያ እንደደረሱ ሴት ልጅ ተወለደች። ትርንጎ ግን ብዙ ደም ፈሷት እስከ ማግስቱ አልነቃችም። ሕፃኗን ለምስጋናው ሲሰጡት፣ የገዛ እጁን አላመነም፤ ለፋንታሁን አሳለፋት።