የአራስ ቤት አምፖል

1.

«ማንም እንዳይነቃነቅ» አለች ኤፍራታ።

ጨለማ ነው። ማብሪያ ማጥፊያውን በዳበሳ አግኝታ አጠፋች፤ የስልኳን መብራት አበራች። ከእሷ ሌላ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ። አንዷ አልጋ ላይ ናት። አንዷ የሰባት ቀን ልጅ ስለሆነች ብትፈልግም የትም አትደርስም። ሦስተኛዋ፣ አክስቷ፣ መጥረጊያ ፍለጋ በሩ ጋ ደርሰዋል።


2. ሰዎቹ (አንዴ ይነገርና ይለቅ)

ኤፍራታ፦ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። በኬሚስትሪ ተመርቃ ሥራ መጠበቅ ከጀመረች አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። መጠበቅ አትችልበትም።

ወይንሸት፦ ታላቅ እህቷ። አራስ። የአራተኛ ክፍል የአማርኛ አስተማሪ።

ልጅቷ፦ ገና ስም አልወጣላትም። ሦስት ኪሎ ሊሞላት ትንሽ ይቀራታል።

እትዬ አሰገደች፦ የሟች እናታቸው ታላቅ እህት። አራስ ሊጠብቁ ከአንኮበር መጥተዋል። ከዚህ በፊት ስምንት አራስ ጠብቀዋል፤ ስምንቱም በሕይወት አሉ። ይህን በቀን ሁለት ጊዜ ያስታውሳሉ።

ጌታነህ፦ የወይንሸት ባል። ሥራ ላይ ነው። እስከ ቁጥር 13 ድረስ አንፈልገውም።

ከተማው ደብረ ብርሃን ነው። ስለ አምፖል ለሚወራ ታሪክ ታስቦበት የተመረጠ ይመስላል። አይደለም። የተፈለገው ለብርዱ ነው።


3.

አምፖሉ ተሰበረ።


4. ክፍሉ

ሦስት ሜትር በአራት። አንድ በር፣ አንድ መስኮት። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ልጅቷ በተወለደች በሦስተኛው ቀን እትዬ አሰገደች እጃቸውን በመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያ ሲያዞሩ ቆዩና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። «እዚህ ጋ ይተነፍሳል» አሉ። ጌታነህ ከጎረቤት መዶሻ ተውሶ አንድ ረጅም ሚስማር መታበት፤ መዶሻውንም መለሰ። አራስን ንፋስ ከመታት ዕድሜ ልኳን ወገቤን ስትል ትኖራለች፤ ይህን ያልሰማ አንባቢ አክስት የለውም ማለት ነው።

ስለዚህ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ክፍሉ እንደ ጉድጓድ ይጨልማል። ስለዚህ አምፖሉ ቀኑን ሙሉ ይበራል። ኃይል ቆጣቢ ነው፤ ጌታነህ የመረጠውም ለዚህ ነው። እንደ ጸጉር የተጠማዘዘ ነጭ ቱቦ።

ነበር።

አንድ ነገር ይጨመር፦ በወይንሸት ትራስ ሥር ቢላ አለ። አራስ ያለ ብረት አትተኛም፤ ያለ ብረት ደጃፍ አትሻገርም። ብቻዋንም አትቀመጥም። ቢላው በኋላ ይፈለጋል።


5. መመሪያ (ይህን የምታነቢው አንቺም ብትሆኚ)

የአምፖሉ ካርቶን አልተጣለም። እትዬ አሰገደች ባዶ ካርቶን አይጥሉም፤ አብሽ አስቀምጠውበታል። ኤፍራታ አብሹን ሳህን ላይ ገልብጣ፣ በጉንዳን ፊደል የተጻፈውን በስልኳ መብራት አነበበችው።

ሰዎችን ከክፍሉ አስወጪ።

መስኮት ክፈቺ።

በመጥረጊያ አትንኪው፤ ዱቄቱን ታቦኚዋለሽ።

ስብርባሪውን በወፍራም ወረቀት እፈሺ፤ ደቃቁን በፕላስተር እያጣበቅሽ ልቀሚ። ክዳኑ የሚገጥም ጠርሙስ ውስጥ ክተቺ።

ዱቄቱ የነካውን ጨርቅ አትጠቢ። ጣዪ።

ካርቶኑ ስለ አራስ ምንም አይልም። ሰዎችን አስወጪ ሲል ዝም ብለው የሚወጡ ሰዎችን ነው ያሰበው።


6. ቃለ ጉባኤ

እትዬ አሰገደች፦ እሰይ፣ ክፉ ነገር ይዞ ይሂድ። መጥረጊያው የት ነው?

ኤፍራታ፦ መጥረጊያ ይቅር፣ እትዬ። ወይንሸት ትውጣ፣ መስኮቱ ይከፈት።

እትዬ አሰገደች፦ ወዴት ነው የምትወጣው?

ኤፍራታ፦ ሳሎን።

እትዬ አሰገደች፦ በሰባት ቀኗ።

ኤፍራታ፦ አምፖሉ ውስጥ ሜርኩሪ አለ። ሲሰበር ይተናል።

እትዬ አሰገደች፦ ምን ይሆናል?

ኤፍራታ፦ እንደ አየር ይሆናል። ልጅቷ ትተነፍሰዋለች። አእምሮዋ ገና እየተሠራ ነው፣ እትዬ፤ እሱን ነው የሚጎዳው።

እትዬ አሰገደች፦ የታለ? አሳዪኝ።

ኤፍራታ፦ አይታይም።

እትዬ አሰገደች፦ ይሸታል?

ኤፍራታ፦ አይሸትም።

እትዬ አሰገደች፦ እኔስ የምነግርሽ ስለማይታይ ነገር አይደል? በኔው ሳምንቱን ሙሉ ስትስቂ ከርመሽ፣ ያንቺን ልፍራልሽ?

ወይንሸት፦ (ከአልጋው) እውነታቸውን ነው፣ ስቀሻል።

ኤፍራታ፦ አንቺ ዝም በይና ልጅሽን ሸፍኚ።

እትዬ አሰገደች፦ አራስ አትቆጪ።


7. የግርጌ ማስታወሻ (ግርጌ ስላልተገኘለት እዚህ የተቀመጠ)

አምፖሉ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ የእስክሪብቶ ጫፍ ቢያክል ነው። ኤፍራታ ይህን ታውቃለች። መስኮቱ በተከፈተ ሰፊ ሳሎን ውስጥ ቢሰበር ኖሮ እየተነጫነጨች ለቅማ ወደ ስልኳ ትመለስ ነበር። እዚህ ግን ሦስት በአራት ነው፤ በሚስማር የታሸገ ነው፤ ሳንባው የሰባት ቀን ነው። በአእምሮዋ አባዛች፣ አካፈለች።

ውጤቱን አልወደደችውም።


3. (እርማት)

አምፖሉን እትዬ አሰገደች ሰበሩት።

ማስረጃ፦ «ይሄ መብራት የሕፃን ዓይን ያጠፋል» ብለው ለክርስትናው የገዙትን አዲስ ነጠላ አምፖሉ ላይ ጠምጥመው፣ ከላይ በኩል ቋጠሩት። «እሱ እንደ ድሮው አይፋጅም፤ ቀዝቃዛ ነው» አሉ። የሚግለውን የሥሩን ፕላስቲክ ግን አልነኩትም። ኤፍራታ ስትገባ ክፍሉ የተለበለበ ጥጥ ይሸት ነበር።

የቀረው በሌላ እርማት ይመጣል። አሁን ጊዜ የለም።


8.

«ቆይ» አለች ወይንሸት። «ሜርኩሪ የምትይው ባዜቃ አይደል እንዴ?»

እትዬ አሰገደች ከበሩ ተመለሱ። «ምን?»

«ባዜቃ። በአማርኛ ባዜቃ ነው የሚባለው፣ እትዬ።»

«ባዜቃ» አሉ እትዬ አሰገደች፤ ወለሉንም አዩት። እግራቸውን ቀስ ብለው አነሡ። «እኛ አገር አያ ደምሳሽ የሚባል አንጥረኛ ነበር። መስቀል በወርቅ ሲለብጥ ወርቁን በባዜቃ ይለውሰውና እሳት ላይ ያጨሰዋል። መጀመሪያ እጁ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ጥርሱ ረገፈ። መጨረሻ ላይ ሚስቱ ነበረች የምታጎርሰው። የሰው ጌጥ ሲያሳምር የነበረ ሰው ጽዋ መያዝ አቃተው።»

«ደጅ ነበር የሚሠራው?» አለች ኤፍራታ።

«ቤት ውስጥ ነው እንጂ። ንፋስ እሳቱን እንዳይረብሽበት በሩንም መስኮቱንም ዘግቶ።»

ይህን ብለው ሲጨርሱ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሁለቱ እህቶችም ዞሩ።

«አንቺ ደግሞ» አሉ እትዬ አሰገደች፣ «ሜርኩሪ ሜርኩሪ እያልሽ ጊዜ ትፈጂያለሽ። ዩኒቨርሲቲ ባዜቃ አያስተምሩም?»


9. የብረት ጉዳይ

አራሷ ወጣች። ሰልፉ እንዲህ ነበር፦ ከፊት ኤፍራታ በስልክ መብራት፣ በግድግዳው ጥግ በኩል፣ ስብርባሪው ባልደረሰበት፤ መሐል ወይንሸት እስከ ዓይኗ በጋቢ ተጠቅልላ፣ በአንድ እጇ ልጅ በአንድ እጇ ቢላ፤ ከኋላ እትዬ አሰገደች «በስመ አብ» እያሉ። የመኝታ ቤቱ በር ተዘጋ። ሳሎን ሶፋው ጥግ አስቀመጧት።

አሁን መስኮቱ። ሚስማሩን ለመንቀል መዶሻ የለም። ቢላ አለ።

«ቢላው ከእሷ አይለይም» አሉ እትዬ አሰገደች።

«ለአምስት ደቂቃ ነው።»

«ሰይጣን ሰዓት አያይም።»

«በበሩ ሥር ሁለት ጣት ያሳልፋል፣ እትዬ። ክፍሉ ካልተከፈተ ባዜቃው ተከትሎን ሳሎን ይመጣል።»

«እንግዲያው ሌላ ብረት አምጪ።»

በቤቱ የተገኘው ይህ ነው፦

ድስት። አሉሚኒየም።

ካውያ። ሥሩ አሉሚኒየም።

የበር ቁልፍ። ናስ።

መርፌ። («ሰይጣንን በመርፌ?»)

ማንኪያ። ኤፍራታ ማንኪያውን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጋ ይዛ መጣች። «አብዛኛው ብረት ነው። ይህን ተምሬዋለሁ።» እትዬ አሰገደች ወለል ላይ የወደቀ መርፌ የሚፈልጉበትን፣ ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ ማግኔት ከመቀነታቸው ፈትተው አስጠጉት። ማንኪያው አልተሳበም። ኤፍራታ ኒኬል ሲቀላቀልበት ምን እንደሚሆን ማስረዳት ጀመረች።

ተወችው።

የአራት ዓመት ትምህርት በአንድ ማንኪያ ተሸነፈ። ልጅቷ በጋቢው ውስጥ ሆና አዛጋች።


10.

«እሺ፣ እቀፊያት» አሉ እትዬ አሰገደች።

«ማንን?»

«እህትሽን። ብረት ከሌላት ሰው ይኑራት። አጥብቀሽ እቀፊያት፤ እንዳትለቂያት።»

ቢላውን ከወይንሸት እጅ ወሰዱ። በሩ ጋ ቆመው፣ አንድ ትልቅ ትንፋሽ ስበው፣ አፍንጫቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ይዘው ገቡ። በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

ኤፍራታ እህቷን አቀፈቻት። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ አቅፋት አታውቅም። «ጡቴን እየተጫንሽኝ ነው» አለች ወይንሸት። ኤፍራታ እጇን ዝቅ አደረገች። ከውስጥ የሚሰማው የእንጨት ሲጥ ሲጥ ነው። ቀጥሎ አንድ ስንጥቅ የሚል ድምፅ። ቀጥሎ በበሩ ሥር የደብረ ብርሃን ብርድ ገብቶ የሁለቱንም ቁርጭምጭሚት ያዘ።

እትዬ አሰገደች ፊታቸው ቀልቶ፣ እያለከለኩ ወጡ። በአንድ እጃቸው ቢላ፣ በሌላው እንደ ድመት ጭራ የታጠፈ ረጅም ሚስማር። ሚስማሩን በወይንሸት መዳፍ ላይ አስቀመጡት።

«ይኸው ብረትሽ።»


11.

ኤፍራታ ከሩብ ሰዓት በኋላ ገባች። ክፍሉ ከአራት ቀን በኋላ ፀሐይ አይቶ በራሱ ያፈረ ይመስላል። ካርቶኑን ቀድዳ በእሱ አፈሰች። በፕላስተር ለቀመች። በእርጥብ ሶፍት ጠረገች። የማርመላታ ጠርሙስ ውስጥ ከተተች። ክዳኑን አጠበቀች። ማዕዘኑ ላይ ነጠላው ተኮራምቶ ወድቋል።

ቋጠሮው አሁንም አልተፈታም።


3. (የእርማቱ እርማት)

ኤፍራታ መጀመሪያ ስትገባ የተለበለበው ሸተታት። ማጥፋት ነበረባት። እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነበረባት። ወንበር ላይ ወጥታ ቋጠሮውን መፍታት፣ አምፖሉንም ከቱቦው ሳይሆን ከሥሩ ይዛ መንቀል ነበረባት። ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር።

የነጠላውን ጫፍ ይዛ ጎተተች።

ለቅማ ስትጨርስ ሳሎን መጥታ ተናገረች፤ «የጎተትኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«አይቼሻለሁ» አሉ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«የቋጠርኩት እኔ ነኛ።»

ከዚያ «ነጠላው ይጣል ይላል?» ብለው ጠየቁ።

«ይላል።»

«ቢታጠብስ?»

«አይሆንም።»

እትዬ አሰገደች ነጠላው የገባበትን ፌስታል ተቀብለው አፉን ሁለት ጊዜ ቋጠሩት። እንደ አምፖሉ ቋጠሮ አጥብቀው። «ጥለቱም አላማረኝም ነበር» አሉ።


12.

ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት።







(ቦታው ባዶ የሆነው ክፍሉ አየር እንዲያገኝ ነው።)


13.

ጌታነህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባ። ወሬውን በስልክ ሰምቶ ስለነበር አዲስ አምፖልና የጎረቤቱን መዶሻ ይዟል። ሰላምታ ሳይጨርስ እትዬ አሰገደች ካርቶኑን ከእጁ ወስደው ለኤፍራታ ሰጧት።

«አንብቢ። ባዜቃ አለበት?»

«የለበትም። ይሄ ሌላ ዓይነት ነው፤ ኤል ኢ ዲ።»

«እስከ ታች አንብቢ።»

እስከ ታች አነበበች። የፋብሪካውን አድራሻ ሳይቀር።

ጌታነህ የመኝታ ቤቱን በር ከፍቶ አየ። ብርዱ ፊቱን መታው። «መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል እኮ» አለ። «አራስ እያለች? ፀሐይዋ ዘወር ብላለች፤ ንፋሱ አሁን ይብሳል። ሚስማሩ የታል? ልምታው?»

ወይንሸት መዳፏን ከፈተች። ሚስማሩ የእጇን ሙቀት ይዞ እንደታጠፈ ነው።

«ባይመታስ?» አለች ኤፍራታ። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ለእሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ሌሊት ይዘጋ። ቀን ቀን፣ እሷ ሳሎን ስትሆን፣ ይከፈት። ዱቄት ያመለጠኝ ሊኖር ይችላል። ሁሉንም ለቅሜያለሁ ብዬ አልምልም።»

ልጅቷ በጋቢው ውስጥ አነጠሰች።

አንዴ።

ጌታነህ መዶሻውን እንደያዘ፣ ወይንሸት መዳፏን እንደዘረጋች፣ ኤፍራታ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እየጠበቀች፣ ሦስቱም ወደ እትዬ አሰገደች ዞሩ። እሳቸው መስኮቱን አዩ። የአንጥረኛውን እጅ ያዩ ይመስል የራሳቸውን እጅ አዩ። ልጅቷን አዩ።

እትዬ አሰገደች፦ (ቦታው ባዶ የሆነው አክስት ያለው አንባቢ እንዲሞላው ነው።)