ጠብቆ የተጻፈ፣ ላልቶ የተነበበ

ደራሲዋ የጥገና ቤቱን በር በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ ላፕቶፑን እንደ ታመመ ሕፃን በደረቷ አቅፋው ነበር። መኪናውን የትም ጥሎ ከኋላዋ የተከተላት ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ከራሱ ቀድሞ ድምፁ ስለሚደርስ ቤተሰቡ «ጡሩምባ» ይለዋል።

«ወረፋ አለ፣ እህቴ» አለቻት ዕቃ ተቀባይዋ።

«የምን ወረፋ? ተዋንያኑ ስቱዲዮ ተሰብስበው ጣሪያ እየቆጠሩ ነው እኮ!» አለ ጡሩምባ። «ዛሬ ማታ በሬዲዮ በቀጥታ የሚተላለፈው የድራማው መጨረሻ እዚህ ውስጥ ነው። ያለውም እዚህ ብቻ ነው!»

እውነቱን ነበር። ስክሪኑ እየጠፋ ስላስቸገራት ደራሲዋ ላፕቶፑን በዋስትና ለጥገና ሰጥታ ነበር፤ ክዳኑ ላይ «ይሠራል» የሚል ወረቀት እንደ ተለጠፈበት ተመለሰላት። ቃሉን አመነችና የመጨረሻውን ክፍል ጻፈችበት። ሌላ ግልባጭ ማስቀመጥ አልታያትም፤ መታከት ብዙ ጊዜ የእምነትን ልብስ ለብሶ ይመጣልና። ዛሬ ጠዋት የመጨረሻዋን አራት ነጥብ እንዳሳረፈች ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ፤ ጠፍቶም ቀረ።

ቴክኒሻኑ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከውስጠኛው ክፍል ወጣ። ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ይቺማ ደኅና ናት! ተጽፎባት የለ? ይሠራል!»

ዕቃ ተቀባይዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። «የምን ደኅና? ስረከብ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይሠራል ብዬ!»

«እኔስ ምን አልኩ? ይሠራል!»

«ይሠራል!»

«ይሠራል ነው የምልሽ!»

ላላስተዋለ ሰው ሁለቱም አንድ ነገር የሚደጋግሙ ይመስላል። ደራሲዋ ግን ክው አለች። ቴክኒሻኑ ቃሉን አላልቶ ይናገራል፤ ዕቃው ጤነኛ ነው ማለቱ ነው። ዕቃ ተቀባይዋ አጥብቃ ትናገራለች፤ ገና ሊሠራ የሚገባው ነው ማለቷ ነው። ፊደላችን ማጥበቂያ ምልክት የለውምና በወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው።

«አልከፈትከውም!» አለች ደራሲዋ።

«ይሠራል የተባለ ዕቃ ምን ብዬ ልክፈት?»

«ጉድ ነው!» አለ ጡሩምባ። «ሐኪሙ በሽተኛውን ግንባሩን አንብቦ ወደ ቤቱ መለሰው!»

ወረፋው በሣቅ ፈነዳ። ቴክኒሻኑ አልሣቀም፤ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«በዋስትና ስክሪን የሚቀየረው ዋናው ጥገና ክፍል ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እነሱ ደግሞ… ሆድ ዕቃውን ጠርገው፣ የተጻፈበትን ሁሉ አጥፍተው ነው የሚመልሱት።»

«ይጠርጉታል?» ደራሲዋ ላፕቶፑን ይበልጥ አቀፈችው።

«አይዞሽ፣ እታለም» አለ ወንድሟ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ።

ቴክኒሻኑ ላፕቶፑን ተቀብሎ ማብሪያውን ተጫነና ጆሮውን አስጠጋ። «ቆይ! ስሚው፤ ማራገቢያው እየዞረ ነው። ዐይኑ ነው የጠፋው እንጂ እሱ መች ሞተ!»

ቀና ሲል ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ የሚያሳየውን ትልቅ ስክሪን አየ። ወንበር ላይ ዘሎ ወጣ፤ ገመዱን ነቅሎ ላፕቶፑ ላይ ሰካ። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ብልጭ አለ፤ እንደገና ጠቆረ። ድንገት ድርሰቱ መዳፍ በሚያህሉ ፊደላት ግድግዳውን ሞላው።

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። «ዋይፋይ!» ብላ ጮኸች ደራሲዋ፤ ዕቃ ተቀባይዋ የይለፍ ቃሉን እየጮኸች ነገረቻት። ድርሰቱን ወደ ስቱዲዮው ላከችው። ወዲያው ስልኳ ጠራ።

«ደረሰ! ደረሰ! ማተም ጀምረናል፤ ቶሎ ነይ!» አለ የድራማው አዘጋጅ ከስቱዲዮ።

ደራሲዋ ዐይኗን ጨፍና በረጅሙ ተነፈሰች። ስትገልጠው ወረፋው በሙሉ አንገቱን ሰቅሎ ግድግዳውን ያነባል።

«የኔ ልጅ፣ ወደ ታች አውርጂው እንጂ!» አሉ ከፊት የቆሙት አዛውንት። «ታላቅየው ታናሹን ይቅር አለው ወይስ አላለውም?»

«እኔም እዚያው ላይ ነኝ» አለ ቴክኒሻኑ ከወንበሩ ላይ ሳይወርድ።

ስንት ጊዜ ብቻዋን ለማይክሮፎን ጻፈች! የሚጠብቋትን ዐይኖች ግን አይታቸው አታውቅም ነበር። እጇ ለማውረድ ተዘረጋ፤ መለስ አለችና ገመዱን ነቀለችው።

«ማታ ትሰማላችሁ!»

ቤቱ በተቃውሞ ጮኸ። ላፕቶፑን ለቴክኒሻኑ ትታ እየሣቀች ወደ መኪናው ሮጠች፤ የአዛውንቱ ድምፅ እስከ መንገዱ ተከተላት፦

«ይቅር ባይለው ግን እኔና አንቺ እንተያያለን!»