ድስት በተደፋበት ቀን

በሰፈሩ ማንም በስሟ አይጠራትም፤ እትዬ ጭልፋ ነው የሚሏት። ሠርግም ይሁን ምርቃት ወይም የመሥሪያ ቤት ግብዣ፣ ደጋሽ ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው። ምግቡን ከቤቷ ጀርባ ባለው ሰፊ ወጥ ቤት ታበስልና በታናሽ ወንድሟ መኪና አስጭና ትወስዳለች። ወንድሟ ሹፌር ነው። ሌላ ቀን ዕቃ ይጭናል፤ የድግስ ቀን ግን የእህቱ ነው።

እትዬ ጭልፋ በዚህ ዓለም ላይ እንደ በርገር ቤት የምትጠላው ነገር አልነበረም። በተለይ በዋናው መንገድ ጥግ ላይ ያለውን፣ ጣሪያው ቀይ የሆነውን። የምትጠላውም በወሬ አልነበረም። አንድ ቀን ወንድሟ በወረቀት የተጠቀለለ በርገር ይዞ ሲገባ ከእጁ ነጠቀችው፤ ጠረጴዛ ላይ ፈታታችና ሥጋውን ብቻ አውጥታ ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። የሚዛኑ መርፌ ነቅነቅ አለና ቆመ።

«ይሄ ሥጋ ነው ወይስ የሥጋ ፎቶግራፍ?» አለችው።

«እትዬ፣ በእናትሽ ልብላው።»

«አምና በዚህ ዋጋ ሁለት ትበላ ነበር። ዋጋው እያደገ እሱ እየጫጨ ሄደ። ሰው ልጅ ያሳድጋል፣ አንተ ዋጋ ታሳድጋለህ!»

«እኔ እኮ ሥጋውን አይደለም የምገዛው» አለ ወንድሟ የተፈታታውን መልሶ እየደራረበ። «በሁለት ጭነት መሃል ያለችኝ ትንሽ ደቂቃ ናት። በዚያች ደቂቃ ማን ያበላኛል? አንቺ ሽንኩርት ልጠሽ እስክትጨርሺ እኔ ሌላ ከተማ ገብቻለሁ።»

«ለደቂቃ ይሄን ከከፈልክ፣ ለሰዓትማ ቤትህን ልትሸጥ ነው» አለችና ጀርባዋን ሰጠችው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ እሱም ከዚያ ወዲህ መኪናው ውስጥ እየበላ ወረቀቱን መንገድ ላይ ባለ ቆሻሻ ገንዳ እየጣለ መምጣት ጀመረ።

ነገሩ የተለወጠው ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር የመጨረሻ ልጃቸውን የዳሩ ዕለት ነው። መምህሩ በደሞዛቸው አራት ልጆች ያስተማሩ፣ በሰው ዘንድ የተከበሩ ሰው ናቸው። ምሳው ሁለት መቶ ለሚሆን እንግዳ ነበር። እትዬ ጭልፋም ስማቸውን ስለምታከብር ከሌላው ጊዜ አብልጣ ደከመች። በጉን በቅመም ዘፍዝፋ አሳደረች፤ ዶሮውን ከአትክልት ጋር ቀቀለች፤ ሩዙን ፍሬው ከፍሬው ሳይጣበቅ አወጣችው፤ ሾርባውን ሦስት ጊዜ ቀምሳ ሦስት ጊዜ አስተካከለችው። ድስቶቹን በጨርቅ ጠቅልላ፣ በገመድ አስራ፣ መኪናው ላይ አስጫነች። የኬኩን ካርቶን ግን ለማንም አደራ አልሰጠችም፤ ጭኗ ላይ ይዛ ከፊት ተቀመጠች።

ቁልቁለቱ መሃል ላይ አንድ ሞተረኛ ከመታጠፊያ ዘሎ ገባባቸው። ወንድሟ ፍሬኑን በሙሉ እግሩ ረገጠ። ሞተረኛው ለጥቂት ተረፈና እጁን አውለብልቦ ሄደ። ድስቶቹ ግን አልተረፉም። ከኋላ የተሰማውን ድምፅ እትዬ ጭልፋ ስታወራው እስከ ዛሬ ዓይኗን ትጨፍናለች፦ መጀመሪያ ገመዱ ጧ አለ፣ ከዚያ ብረት በብረት ላይ ተንጋጋ፣ ከዚያ ረጅም የፈሳሽ ድምፅ፣ ከዚያ ፀጥታ።

ወርዳ የኋላውን በር ስትከፍተው ሾርባው ጫማዋ ላይ ፈሰሰ። ሩዙ ከመኪናው ማንሻ ክሪክ ግራሶ ጋር ተለውሷል። ያ ሌሊቱን በቅመም ያደረው በግ ሁለተኛ የታረደ ይመስል መለዋወጫ ጎማው ላይ ተዘርሯል። ዶሮውንማ ተዉት።

ወንድሟ አጠገቧ መጥቶ ቆመና፣ ሰው በጭንቅ ጊዜ የመጣለትን እንደሚናገር፣ «አይዞሽ እትዬ፤ ፈጣሪ ሳይደግስ አይጣላም» አላት።

«ደግሼ ነበር እኮ!» ብላ ጮኸች። «የተደገሰውን አንተ ደፋኸው!»

የራሷ ንግግር አሳቃት፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ የኬክ ካርቶኗን እንዳቀፈች ቁጭ አለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ መምህሩ እንግዶቻቸውን «ወደ ምሳ ግቡ» ሊሉ ነው። ጎረቤት ቢጠራ፣ ሆቴል ቢለመን፣ ማን በአንድ ሰዓት ለሁለት መቶ ሰው ያበስላል? ቀና ስትል ወንድሟ መንገዱ ማዶ ያያል። ዓይኑን ተከትላ ስታይ ቀይ ጣሪያ አየች።

«እንዳትለው» አለችው።

«ምንም አላልኩም።»

«በዓይንህ ብለኸዋል።» እጇን ዘረጋችለት። «አንሳኝ። ከሞትኩ ወዲህ ምን ያሳፍረኛል።»

በርገር ቤቱ ውስጥ ሰው ነበር፤ ብዙ ግን አልነበረም። ገንዘብ መቀበያው ጋ የቆመችው የዕለቱ ተረኛ አለቃ ቀጠን ያለች ወጣት ናት፤ ጆሮዋ ላይ የመነጋገሪያ መሣሪያ አንጠልጥላለች። እትዬ ጭልፋ ሾርባ የጠጣ ጫማዋን እየጎተተች ቀረበችና የደረሰባትን ሁሉ ነገረቻት። ትስቃለች ወይም «ማበድሽ ነው» ትላለች ብላ ነበር የጠበቀችው።

ልጅቷ አልሳቀችም። «ለሁለት መቶ ሰው?» አለች።

«ለሁለት መቶ ሰው፣ ልጄ።»

«ችፕስም ይኑረው?»

«ይኑረው።»

አለቃዋ ዞር ብላ ወደ ውስጥ «ዳቦ ምን ያህል አለን?» ብላ ጠየቀች። «ጠዋት ነው የገባው፣ ሞልቷል» የሚል ድምፅ መለሰላት። በስልክ ከበላይዋ ጋር አጭር ነገር ተነጋገረች፤ ከዚያ ወደ እትዬ ጭልፋ ተመልሳ፣ «በሰዓቱ እናደርሰዋለን። እርስዎ እዚያ ወንበር ላይ አረፍ ይበሉ፣ እማማ» አለቻት።

«አረፍ? በእኔ ድግስ ሌላ ሰው ሲሠራ እኔ አረፍ ልል?»

«ውስጥ መግባት አይፈቀድም።»

«አልነካም። ልይ ብቻ።»

አለቃዋ አየቻት። ምን እንዳየችባት እንጃ፤ የፀጉር መሸፈኛ አመጣችላትና ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ያለበት ቦታ አቆመቻት። «ከዚህች መስመር እንዳያልፉ።»

እትዬ ጭልፋ በሕይወቷ ያላየችው ወጥ ቤት የለም። ይህን ግን አይታው አታውቅም። ከእሷ መኝታ ቤት ብዙም አይሰፋም። ውስጡ ስድስት ሰው አለ። አለቃዋ አንድ ጊዜ አጨበጨበችና ምን እንደመጣባቸው ነገረቻቸው። እትዬ ጭልፋ ማጉረምረም ጠበቀች፤ በእሷ ወጥ ቤት ቢሆን ግማሹ እናቱን ይጠራ ነበር። እነዚህ ግን እርስ በርስ ተያዩና እያንዳንዱ ግማሽ እርምጃ ያህል ቦታውን አስተካክሎ ቆመ። ያቺን ግማሽ እርምጃ አየቻት።

ከዚያ ተጀመረ። አንዱ ሥጋውን ምጣዱ ላይ ሲደረድር የመደርደሩ ድምፅ እንደ ከበሮ እኩል እኩል ነበር። ከላይ ከባድ ክዳን ወረደበት፤ ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ተጠበሰ፤ ማሽኑ ጲጵ ከማለቱ በፊት የልጁ እጅ እጀታው ላይ ነበር። «ዳቦ አውርጂ!» ሲል ማዶ ያለችው «ወርዷል!» ትላለች፤ ዳቦው ከመጥበሻው ሲንሸራተት የሚቀበለው እጅ ሳይዞር ይቀበለዋል። «ከኋላሽ!» ይባላል፤ ማንም ዞር አይልም፤ ትከሻ ብቻ ጠበብ ይላል፤ የጋለ ዘይት የተሸከመ ሰው በዚያች በተገኘችው ክፍተት ያልፋል። ድንቹ ከዘይቱ ሲነሳ እንደ ዝናብ ጮኸ፤ ጨው ከላይ ተበተነበት፤ አካፋ የመሰለ ዕቃ በወረቀት ኪሶቹ ውስጥ ልክ ልኩን ሞላው። አንዲት ፍሬ መሬት አልወደቀችም። በዚህ ሁሉ መሃል ደግሞ ከውጭ የገባው ደንበኛ ሁሉ የራሱን እየተቀበለ ይወጣል፤ ውስጥ ምን እየተደረገ እንዳለ የሚያውቅ የለም።

እትዬ ጭልፋ ቅዱስ ቦታ እንደገባ ሰው እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሃያ ዓመት ሙሉ ድግስ ስታበስል ወጥ ቤቷ ገበያ ነበር፤ ጩኸት፣ ግጭት፣ «ማን ነው ጨው ያነሳው» ነበር። ሰው እንዲህ ሊሆን እንደሚችል፣ ስድስት ሰው አሥራ ሁለት እጅ ያለው አንድ ሰው ሊሆን እንደሚችል፣ ቢነግሯት አታምንም ነበር።

ከሁሉ ደግሞ ዓይኗን የያዘችው የምትጠቀልለዋ ነበረች፤ ቢጫው መስመር አጠገብ የቆመች ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት። ወረቀቱን ትዘረጋለች፣ በርገሩን ታሳርፋለች፣ ሁለት እጥፍ፣ ግልበጣ፣ አለቀ። ዓይኗ እጇ ላይ አይደለም፤ ቀጥሎ በሚመጣው ላይ ነው። ክንዷ ላይ የቆዩ የቃጠሎ ጠባሳዎች አሉ። እትዬ ጭልፋ የራሷን ክንድ አየች፤ ያው ጠባሳ፣ ያው ቦታ።

«ልጄ፣ ሳታዪ እንዴት ትችይዋለሽ?» አለቻት ቀስ ብላ።

«ካየሁት ይጠፋኛል፣ እማማ» አለች ሴትዮዋ እጇ ሳይቆም።

«እንዲህ ስትሠሪ ውለሽ መቼም ይሄን መብላት ይሰለችሻል።»

ሴትዮዋ ፈገግ አለች። «እኔ? ከቤት የቋጠርኩትን ነው የምበላው። ይሄማ ለእኔ ውድ ነው። ልጆቼን ለልደታቸው ብቻ ነው የማመጣቸው።»

እትዬ ጭልፋ ያን ቀን ሚዛን ላይ ያስቀመጠችውን ሥጋ አሰበች። እነዚህን እጆች አልመዘነቻቸውም ነበር፤ የሚመዝን ሚዛንም የላትም። ዋጋው ሲወደድ ደግሞ ጭማሪው ወደ እነዚህ እጆች እንዳልመጣ ገባት።

ሰዓቱ ሳይሞላ የመጨረሻው ካርቶን ታሰረ። ወንድሟ እየሮጠ መኪናው ላይ ጫነ፤ በዚህ መሃል በየት በኩል እንዳጠበው እንጃ፣ ውስጡ ተጠርጎ ነበር።

አዳራሹ በር ላይ መምህሩ በአዲስ ሱፍ ቆመው ይጠብቃሉ። ካርቶኖቹን አዩ።

«በጉስ?» አሉ።

«ጋሼ፣ በጉ መንገድ ላይ ቀረ፤ የተረፈው ኬኩ ብቻ ነው» አለች እትዬ ጭልፋ። አንድም ነገር ሳትደብቅ ነገረቻቸው፤ የዛሬ ድካሟን ዋጋ እንደማትቀበልና የበርገሩንም ራሷ እንደከፈለች ጨምራ። አንገቷን ደፍታ ፍርዱን ጠበቀች።

መምህሩ አንዱን ካርቶን ከፍተው እንፋሎቱን አሸተቱ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች፣ ግን ሳቅ ነበር። «ይቺ ልጄ ሕፃን ሳለች በዚያ ቀይ ጣሪያ ስናልፍ ‹አባዬ እንግባ› ትለኝ ነበር። የምከፍለው ስለሌለኝ ‹ነገ› እላት ነበር። ስንት ነገ እንዳለፈ ታውቂያለሽ?» ዞረው ሙሽሪትን ጠሯት። «ነይ! ነገ ደረሰ!»

ሙሽሪት ነጭ ቀሚሷ ላይ ፎጣ አንጥፋ በርገሩን በሁለት እጇ ይዛ ነከሰች። እንግዳው መጀመሪያ ተያየ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ የወረቀት ኮሽታ ሆነ። ሕፃናት በደስታ ጮኹ። ጥርስ የሌላቸው የሙሽራው አያት ድንቹን አንድ በአንድ እየመጠጡ፣ «ይሄን ማን ነው የጠበሰው? እጁ ይባረክ» አሉ። ያኮረፈም አልጠፋም፤ አንድ አጎት «ለዚህ ነው ሱፍ የለበስኩት?» ብሎ ሁለተኛውን አነሳ።

እትዬ ጭልፋም ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሙሉ በላች። ማታ መኪና ውስጥ ወንድሟ እንደ ፈራ ሰው ጠየቃት። «እና? ገንዘቡን ያወጣል?»

«ሥጋው ያው ቀጭን ነው። ጨው በዝቶበታል። በየሳምንቱ የምትበላው ከሆነ ተዘርፈሃል፤ እሱን አልለውጥም» አለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ዛሬ ግን የሰው ሥራ አይቼበታለሁ። የዛሬውን በእጥፍ ቢሉኝም እከፍል ነበር።»

ሰኞ ዕለት ትልቁን ድስት ተሸክማ በበርገር ቤቱ የኋላ በር መጣች፤ ተረኞቹ የሚለዋወጡበት ሰዓት ነበር። በግና ሩዝ ሠርታላቸዋለች፤ ለሠርጉ የሠራችውን ያንኑ። ስድስቱም ከአለቃቸው ጋር በተገለበጡ የዳቦ ሳጥኖች ላይ ተቀምጠው በሉ። በለመዱት ፍጥነት ጀምረው ነበር። «ቀስ በሉ፣ ማንም አያባርራችሁም» ብትላቸውም አልሆነላቸውም፤ ኋላ ግን ጣዕሙ ራሱ ያዛቸውና ፍጥነታቸው እየተገታ፣ እየተገታ ሄደ። አለቃዋ ከጆሮዋ ያንን መሣሪያ አውልቃ ኪሷ ከተተችው።

የምትጠቀልለዋ አንድ ቁራጭ ሥጋ በሁለት ጣቷ ስትይዘው ከአጥንቱ በራሱ ለቀቀ። አተኩራ አየችው።

«ይሄ ምን ያህል ጊዜ ወሰደ፣ እማማ?»

«ከትናንት ጠዋት ጀምሮ።»

ሴትዮዋ ማኘኳን አቆመች። «ከትናንት ጠዋት?» አለች ሹክ ብላ። እጆቿ፣ ያ ሁሉ ሲሠሩ አንዴም ያልቆሙት፣ ጭኗ ላይ ፀጥ ብለው ተቀምጠዋል። «ለእኛ?»