አዋላጇ አማቴ ከዘፍጥረት እስከ ራእይ

በቤተ ክርስቲያናችን ለአዲስ አማኞች የመጽሐፍ ቅዱስን አጠቃላይ ዳሰሳ የማስተምረው እኔ ነኝ። ስድሳ ስድስት መጻሕፍት በስድስት ቅዳሜ! «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ያለው ሰው የኔን ክፍል ሳያይ አልቀረም። ቢሆንም በሰባት ዓመት አንድ ተማሪ ወድቆብኝ አያውቅም። አማቴ ሲመጡ ግን ፈራሁ።

አማቴ ሠላሳ አራት ዓመት አዋላጅ ነበሩ። ጡረታ ከወጡም በኋላ ከሴት ፊት አስቀድመው ሆዷን ነው የሚያዩት። በሰባ ስድስት ዓመታቸው አመኑና ልጠመቅ አሉ። ለመጠመቅ ደግሞ በሦስት ሽማግሌዎች ፊት ከዘፍጥረት እስከ ራእይ በአጭሩ መተረክ ግድ ነው፤ የወደቀ ስድስት ወር ይጠብቃል። የአማቴ ልብ ደካማ ነው። ሐኪማቸው ስለ ስድስት ወር ሲጠየቅ ኮርኒስ ኮርኒሱን ነው የሚያየው።

እኔ ግድግዳው ላይ ሰንጠረዥ ሰቅዬ «ሕግ፣ ታሪክ፣ ቅኔ፣ ነቢያት» ስል፣ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘዋል።

«ሣራን ማን አዋለዳት?»

«አልተጻፈም፣ እማማ።»

«በዘጠና ዓመቷ ወልዳ? የጻፈው ወንድ ነዋ!»

አብሯቸው የሚማረው ታክሲ ነጂ ሳቁን በደብተሩ ይሸፍናል። እኔ እበግናለሁ። ትዕማር መንታ ስትወልድ አንደኛው እጁን አውጥቶ መልሶ እንዳስገባ፣ አዋላጇም ቀድማ ቀይ ክር እንዳሰረችበት ሲሰሙማ «ጎበዝ! እንዲህ ነው ሥራ!» ብለው ብድግ አሉ። ከነቢያት ግን አንዱን እንኳ በስሙ አልያዙም።

ቤት ስንገባ ምራትነቴን ረሳሁት። «እማማ፣ ይሄ እኮ የወሊድ መዝገብ አይደለም!»

«አንቺ ልጅ፣ ሰንጠረዥሽ ራሴን ያዞረኛል። በማውቀው ልሂድበት፣ ተይኝ።»

ባሌ እናቱና ሚስቱ ሲጋጠሙ እንደ ልማዱ ጋዜጣ አነሣ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ ቅደም ተከተል ሲዛነፍ ያማቸዋል። «እንግዲህ እናታችን፣ ይጀምሩ» አሉና ሰዓታቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። እኔ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ፤ መናገር አይፈቀድልኝም።

«እግዚአብሔር ከሔዋን ዘር የሚወለደው የእባቡን ራስ ይቀጠቅጣል አለ» ብለው ጀመሩ። «ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ያንን ልጅ መጠበቅ ነው። ሣራ ዘገየች፤ ግን ወለደች። ከትዕማር መንታዎች ከአንዱ ዘር ዳዊት መጣ። በመካከሉ ፈርዖን ወንድ ወንዱን ግደሉ ቢል ሲፓራና ፉሐ የሚባሉ ባልደረቦቼ እምቢ አሉት።»

«ነቢያቱስ?» አሉ መሐንዲሱ። ዐይኔን ጨፈንኩ።

«ነቢያቱ ወሩን የሚቆጥሩልን ናቸው። አንዱ ድንግል ትፀንሳለች አለ፤ ሌላው ቤተ ልሔም ነው አለ። ስማቸውን ምራቴ ታውቃለች።»

ሰባት ዓመት ሰንጠረዥ ስሰቅል፣ መጽሐፉ ሁሉ በአንድ ልጅ ላይ እንዲህ ሲገጣጠም አሳይቼ አላውቅም። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

«ልጁ በረት ውስጥ ተወለደ» አሉ። በቀብር እንኳ ሲያለቅሱ ያላየኋቸው ሴት እንባቸው ወረደ። «እናቱ ራሷ ጠቀለለችው ይላል። እኔ በሬን ላንኳኳ ሁሉ ሄጃለሁ። ለሷ የሄደላት የለም።»

እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ቀጠሉ። «አደገ፤ ለኛ ሞተ፤ ተነሣ። ተመልሶ ይመጣል።»

«ራእይ ላይ ምን አለ?» አሉ መሐንዲሱ፣ አሁን ድምፃቸው ለስልሶ።

«ራእይ ላይም አንዲት ሴት ምጥ ይዟታል። ዘንዶው ልጁን ሊውጥ ፊቷ ቆሟል። አልቀናውም!»

መሐንዲሱ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገልጠው አዩና ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። «የቀረዎት ነገር አለ፣ እናታችን?»

«አንድ። ሰው ከሸመገለ በኋላ እንዴት ሊወለድ ይችላል ብሎ ጌታን የጠየቀው ሰውዬ ቀርቶኛል። እንደናንተ የተማረ ነበር። ያ ጥያቄ የኔም ነው። የስንቱን ልጅ ተቀብዬ፣ የራሴ ተራ ገና አሁን ደረሰ። ስድስት ወር ቆዪ እንዳትሉኝ፤ ምጥ ቀጠሮ አይቀበልም።»

መሐንዲሱ ሁለቱን ሽማግሌዎች እንኳ ሳያማክሩ፣ የእሁዱን የተጠማቂዎች ዝርዝር ስበው ስማቸውን ከሁሉም በላይ ጻፉ።