ጋሽ ገሽ

ተካልኝ አርባ ሦስተኛውን ችካል በመዶሻ መትቶ ቀና ሲል ከሣሩ መሃል የሴት ሳቅ ሰማ።

"ጋሽ ገሽ! ዛሬ ደግሞ እንጨት መትከል ጀመርክ?"

ዓባይነሽ ናት። በስደት ጋምቤላ ተወልዳ ያደገች፣ አገሯ ከገባች ወዲህ ከጁባው የጉዴሌ ሰፈር ዳር ካለው ከዚህ ሜዳ ለጣራ ክዳን የሚሆን ሣር እያጨደች የምትሸጥ ሴት። የጁባ ሰው ሣርን በዐረብኛው "ገሽ" ይለዋል። ተካልኝ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሣር ሲነቅል ሲውል እያየች ይህን ስም ያወጣችለት እሷ ናት፤ ሰፈሩም ሳይውል ሳያድር ተቀበላት።

"ስም አለኝ" አላት ፊቱን ሳያዞር።

"አውቃለሁ። ይሄ ችካል የምንድን ነው?"

"የቲክ ዛፍ። ዝናቡ ሲገባ ሦስት ሺህ ይተከላል።"

ማጭዷን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች ሜዳውን ዙሪያውን አየች። ሳቋ ጠፋ።

"ዛፉ ካጠላበት ሣር ይወጣል እንዴ? ገሽ ማፊ! ሣር የሚባል አይተርፈንም! እኛስ በምን እንኖራለን?"

ተካልኝ ይህን ከእሷ በፊት ያውቀዋል። ተካልኝ የሚሠራበት የደን ድርጅት ባለ ዲግሪ ኃላፊ ሠርፀ ይህን ሜዳ ካርታ ላይ "ባዶ መሬት" ብሎ በቀይ ሲያከብበው ተካልኝ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ዝም አለ። ሰባት ዓመት ሙሉ ችግኝ ሲያፈላ አንድም ቀን "አንተስ ምን ትላለህ?" ያልተባለ ሰው ዛሬ ምን ቤት ነኝ ብሎ ይናገራል? አምና የድርጅቱ ሥልጠና ሲያልቅ ሁሉም ለፎቶ ሲሰለፍ፣ እሱም ኮሌታውን አስተካክሎ ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር። ሠርፀ ካሜራውን አቀበለው። "ተኬ፣ አንተ አንሳን!" ፎቶው ዛሬም ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እሱ የለበትም። ሣሩ ጠፍቶ ሣር አጫጆቹ ሴቶች ቢሮው በር ላይ ሲጮሁ የሠርፀን ፊት ለማየት ነበር የቋመጠው።

አሁን ግን ፊት ለፊቱ የቆመችው ዓባይነሽ ናት።

የሠርፀ መኪና አቧራውን እያቦነነች መጥታ ቆመች።

"ተኬ፣ ስንት ደረስን?"

"አርባ ሦስት።" ተካልኝ ጎንበስ ብሎ ችካሉን ነቀለው። "አሁን አርባ ሁለት።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ባዶ ያልከው መሬት ባዶ አይደለም። ከዚህ ሜዳ በዓመት ስንት ቤት እንደሚከደን እሷን ጠይቃት። አፈሩንም የያዘው ሣሩ ነው። ጉዴሌን ጎርፍ የሚበላው በዚያ በኩል ነው።" በጋ ደርቆ፣ ዝናብ ሲመጣ ወደሚያብደው ወንዝ ጠቆመ። "ዛፉን እዚያ ዳር ዳሩን ትከለው። የማሆጋኒ ችግኝ አፍልቻለሁ።"

"ሦስት ሺህ እዚያ ይገባል?"

"ሁለት ሺህ ይገባል። የቀረውን ለየቤቱ አድል፤ ጉዴሌ እንደሆነ ጥላ የለው።"

"ይህን መቼ ነው ያወቅከው?"

"ካርታውን በቀይ ስታከብብ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"መቼ ጠየቅከኝ?"

ሠርፀ ከመኪናው ወረደ። ከዓባይነሽ ጋር ብዙ አወራ፤ እሷም አማርኛውን ከዐረብኛው እያደባለቀች፣ በሣሯ የተከደኑትን ቤቶች በጣቷ እየቆጠረች አስረዳችው። ከዚያ ወደ ወንዙ ወርዶ የተናደውን ዳር አየ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ አፈር ለብሶ ሲመለስ ማስታወሻ ደብተሩን ከኪሱ አወጣ።

"እሺ፣ ካርታውን አስተካክላለሁ። ሜዳው ለሣር ይቆይ" አለ። ትንሽ አመነታና "ጋሽ ተካልኝ፣ ሪፖርቱ ላይ ሐሳቡ የማን ነው ልበል?" ሲል ጠየቀው።

ተካልኝ ስሙን እስከ አያቱ ሊዘረዝርለት ጉሮሮውን ጠራረገ። ዓባይነሽ ሣሯን በእግሯ ረግጣ እያሰረች ከሥር ቀና እያለች ታየዋለች። እንደ ልማዷ ልትስቅበት ተዘጋጅታለች።

"ጋሽ ገሽ ብለህ ጻፍ" አለው።

ሳቋ ሜዳውን ሞላው። ሠርፀ ግራ እየገባው ጻፈ። ተካልኝ አንገቱን አስግጎ ደብተሩን አየ።

"ሁለቱንም 'ጋ' አደረግካቸው እኮ! የመጀመሪያው ራብዕ ነው፣ ሁለተኛው ግዕዝ። አስተካክለው!"

መዶሻውን አነሳና የተተከሉትን ችካሎች ከዳር ጀምሮ ይነቅል ጀመር።