የሐምዱ እንግዶች

ሐምዱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር ለሦስተኛ ጊዜ አነበበው። ለዞኑ የስፖርት ውድድር የሚመጡትን እንግዶች በየቤታቸው የሚያሳድሩ የሞጣ ሰዎች ተጽፈዋል፤ ትርፍ አልጋ የሌለው ክርስቲያኑ ጎረቤቱ ቢሆነኝ እንኳ ስሙ ሰፍሯል። የሐምዱ ስም ግን የለም።

ከፋው፤ ደግሞስ እንዴት አይከፋው። ለዚህ ውድድር ሲባል ከተማዋ ሙሽራ መስላ የለም እንዴ? ክረምት በመጣ ቁጥር ጫማ የሚያስቀረው የገበያ መንገድ ኮብልስቶን ለብሷል፤ ማታ በመንገዱ መብራት መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ይቻላል፤ ከብት ይግጥበት የነበረው ሜዳ መቀመጫ ያለው ስታዲየም ሆኗል። መንገዱ ሲሰፋ ሐምዱ የጨርቅ ሱቁን በረንዳ በገዛ እጁ አፍርሷል። አላዘነበትም። ከየጁቤ የሚመጡ ደንበኞቹ ከተማዋን በአድናቆት ሲያዩ፣ እሱ ብቻውን የሠራት ይመስል ደረቱ ይነፋ ነበር።

ዝርዝሩን ያዘጋጀችው ንጋት ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች መምህርት ናት። አብዛኞቹ እንግዶች ክርስቲያኖች ስለሆኑ፣ በሥጋው ነገር ሁለቱም ወገን እንዳይቸገር አስባ የሙስሊም ቤቶችን እንደተወች ሐምዱ ሄዶ ሲጠይቃት በትሕትና ነገረችው።

"ለእርስዎ እንዳይከብድዎት ብዬ ነው፣ ጋሽ ሐምዱ።"

"ልጄ፣ በጉን እኔ እሰጣለሁ፤ ጎረቤቴ ቢሆነኝ ያርዳል፤ በእሱ ቤት ድስት ይሠራል። ልጆቻችንን ስንድር ያደረግነው ይህንኑ ነው" አለ ሐምዱ። ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። "በረንዳዬን ያፈረስሁት እንግዳ በደጄ አልፎ እንዲሄድ ነው?"

ንጋት አፈረች። እስክሪብቶዋን አንሥታ አራት የቢቸና ቡድን ደጋፊዎች መደበችለት፤ የተተዉትን ሌሎች ቤቶችም አንድ በአንድ ጨመረች።

የሐምዱ ሚስት ኸይራት ከሱቁ አዲስ አንሶላ አስወጥታ አነጠፈች። እንግዶቹ ሳምንቱን ሙሉ በልተው ጠጥተው ሰነበቱ፤ በየማታው ከተማዋን ዞረው ሲመለሱም አድናቆታቸውን አይጨርሱትም ነበር። ሐምዱም ያንን ሳይሰማ አይተኛም።

በእግር ኳሱ ፍጻሜ ቀን ሞጣና ቢቸና ተገናኙ። ቢሆነኝ በሞጣ ደጋፊዎች መካከል ቦታ ይዞለት ጠራው።

"እንግዶች አሉብኝ" አለና ሐምዱ ከቢቸናዎቹ ጎን ተቀመጠ።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሞጣ ጎል አገባች። ስታዲየሙ ሙሉ ተነሥቶ ጨፈረ። የሐምዱም ልብ ዘለለ፤ ብድግ ሊል አለና፣ አጠገቡ አንገታቸውን የደፉትን አራት ሰዎች አየ። ጉልበቶቹን በሁለት እጁ ጭምቅ አድርጎ ይዞ እንደተቀመጠ ቀረ።