ደህናው እጅ

"እጅሽን አምጪ።"

ባልየው ወፍራም ካልሲ በሚስቱ ቀኝ እጅ ላይ እስከ አንጓዋ አጠለቀ፤ በላዩ ፋሻ ጠመጠመና ጫፉን ከወንበሩ ክንድ ጋር አሰረው። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ደገመው። የአይጥ ጥርስ የማይፈታው ቋጠሮ ነው፤ ከመሥሪያ ቤቱ ነው የተማረው።

"ጠበቀብኝ።"

"ካልጠበቀ ትሰርቂያለሽ።"

"ምኑን? የገዛ እጄን?"

 ከልብስ ስፌት መኪናዋ መሳቢያ የአዝራር ቆርቆሮዋን አወጣ። አርባ አዝራር ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ በተነ፤ ባዶውን ቆርቆሮ ከፊቷ አኖረ። የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ አጠገቡ አስቀመጠ።

"ጀምሪ። አሥር ደቂቃ።"

የታሰረው ደህናው እጅ ነው። የታመመው ግራው ነው። ከአሥራ አምስት ቀን በፊት የደንበኛ ኮት እጅጌ እየገጠመች ሳለ ጨርቁ ከግራ እጇ ሾልኮ ወደቀ፤ ላነሳው ብላ ስታጎነብስ እሷም ተከትላው ወደቀች። ስትሮክ ነው ተባለ። በአንጎሏ ቀኝ በኩል የደም ሥር ተዘግቶ ግራ ጎኗን ይዞባት ሄደ። ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኝታ በምርኩዝ ለመራመድ በቃች። አንደበቷን ግን አልነካውም።

ግራ እጇ ጠረጴዛው ላይ ተጎተተ። አመልካች ጣቷ አንዱን አዝራር እየገፋ ወሰደው፤ አውራ ጣቷ ግን መጥቶ ሊይዝላት አልቻለም። አዝራሩ ከጠርዙ ወድቆ ከመኪናው ሥር ተንከባለለ።

"የወደቀ አይቆጠርም" አለ።

"እኔንስ ወድቄ አይደል ስትቆጥረኝ የምትውለው?"

አሥር ደቂቃው ሲያልቅ ቆርቆሮው ውስጥ አምስት አዝራር ነበር። ደብተሩን ገልጦ ጻፈ። የመጀመሪያው ቀን አሥራ ዘጠኝ ይላል። ያን ጊዜ ሆስፒታል ነበረች፤ በወደቀች ማግስት። አዝራሮቹን በመሐረብ ቋጥሮ ወስዶ አልጋዋ ላይ ነበር ያፈሰሰላት። ቀጥሎ አሥራ ስምንት፣ ከዚያ አሥራ አራት፣ አሥራ አንድ፣ እያለ ይወርዳል። ቁጥሩ መውረድ ከጀመረበት ቀን አንስቶ በየቁጥሩ አጠገብ አንድ ቃል ተጽፏል፦ ሰነፈች።

ዛሬም ጻፈው። እሷ አየችው።

"እኔ ሰነፍ ሆኜ አርባ ዓመት የማንን ሱሪ ነው ስሰፋ የኖርኩት?"

"ያኔ ሰነፍ አልነበርሽም። አሁን ነው የሰነፍሽው። እጁ ሥራ ሲያጣ ይረሳል። ደህናው ካልታሰረ የታመመው አይሠራም። በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።"

"አይጥ ላይ ነው ያየኸው።"

"አይጥም ነፍስ አለው።"

የግቢው በር ሲንኳኳ ፋሻውን በችኮላ ፈታ። ካልሲውን መሳቢያው ውስጥ ወረወረ። እሷ ሳይነግራት የቀሚሷን እጅጌ ወደ ታች ስባ አንጓዋ ላይ የቀረውን ቀይ ሰንበር ሸፈነች። ለልጃቸው ላይናገሩ ከሆስፒታል ጀምሮ ተስማምተዋል። እዚያ ሌሊቱን ሙሉ ከብርድ ልብሱ ሥር አስሯት ሲያድር ነርሶቹ አንድ ቀን አልደረሱበትም። ቢደርሱበት እንደሚከለክሉት ያውቃል። ጊዜ ስጧት ነው የሚሉት። ጊዜ ተሰጥቶት የዳነ አይጥ ግን አላየም።

ልጃቸው ገባች። እናቷን ሳመችና አባቷን ወደ በረንዳ ጠራችው።

"አባዬ፣ ትናንት ከሐኪሙ ጋር በስልክ ተነጋግሬ ነበር። እጇ እየባሰ መሄዱ አልተዋጠለትም። በእንዲህ ያለ ጊዜ መሻል እንጂ መባስ አልነበረበትም አለ።"

"ታዲያ ምንድን ነው አለ?"

"ሌላ ስትሮክ ሳይደግማት አልቀረም። በቤቷ የተለየ ነገር ከሌለ በቀር ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ምንም የለም አልኩት። ነገ ጠዋት አይቷት ደም ማቅጠኛውን ሊያጠነክረው ነው።"

"ማጠንከሩ ክፋት አለው?"

"አንጎሏ ውስጥ ሊያደማት ይችላል አለ። ሁለተኛ ከሆነ ግን ሌላ ምርጫ የለም።" እጁን ያዘችው። "አንተ ባትኖር ምን ይውጣት ነበር? ጠዋት ማታ ከጎኗ ነህ።"

እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀና ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ወጣ።

በአንድ የምርምር ማዕከል የአይጦች ጠባቂ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ስምንተኛ ክፍል ሳይጨርስ ከትምህርት የወጣ ሰው ቢሆንም፣ ምርምሩን የምትመራው ዶክተር ከእሱ ቁጥር ሌላ የማንንም አታምንም። ለአይጦቹ በጠባብ ቀዳዳ በኩል ሃያ የእህል ፍሬ ይቀርብላቸዋል፤ አይጡ በታመመ እጁ ስንቱን እንደሚይዝ እሱ ቁጭ ብሎ ይቆጥራል። ስሙን የሚጠራው የለም።

"ጋሽ ቆጣሪ፣ ዛሬ ስንት አስቆጠሩ?" አለው ዘበኛው እንደ ወትሮው።

"አንተን ሳልጨምር ነው?" ይለው ነበር በሌላ ቀን። ዛሬ እጁን ብቻ አንስቶለት አለፈ።

አይጦቹ የተመቱት እዚሁ ነው። ዶክተሯ የአንጎላቸውን የደም ሥር ትዘጋለች፤ ከዚያ የከፊሎቹን ደህና እጅ አስራ የታመመው እንዲሠራ ታስገድዳለች። እሱ የሚጠብቀው ሰማያዊ ምልክት ያላቸውን ነው። ታስረው ነው ክፍሉ የሚደርሱት። ፋሻው ሲላላ ያጠብቃል፣ ይመግባል፣ ይቆጥራል። በስንተኛው ቀን እንደታሰሩ የነገረው የለም፤ እሱም አልጠየቀም። ከሦስት ፍሬ ተነስተው አሥራ አምስት ሲደርሱ አይቷል። ሚስቱ የወደቀች ዕለት ሆስፒታል ወንበር ላይ ተቀምጦ ያሰበው እነሱን ነው።

ዶክተሯ በሩ ላይ ጠበቀችው።

"ጋሼ፣ የሁለተኛው ክፍል ጠባቂ ሚስቱ ወልዳ ፈቃድ ወጥቷል። ቀዮቹን ዛሬ እርስዎ ይቁጠሩልኝ።"

ቀይ ምልክት ያላቸው አሥራ ሁለት ነበሩ፤ እነሱም ታስረው የተፈቱ ናቸው። የመጀመሪያው ከሃያው ፍሬ ሁለት ብቻ ያዘ። ሁለተኛው አንድ። ሦስተኛው የታመመ እጁን ከሆዱ ሥር እንደ እርጥብ ጨርቅ እየጎተተ መጣና ቀዳዳው ፊት ተቀመጠ፤ ፍሬውን ዝም ብሎ አየው። ሰውየው መነጽሩን ጠርጎ ከመጀመሪያው ጀመረ። ቁጥሩ ያው ሆነ። ሦስተኛውን ሲጽፍ እጁ ስቶ ዜሮ የነበረውን አንድ አለው። ሊፍቀው ብሎ ተወው። በዚህ ቤት ቁጥር አይፋቅም። ገና የተቀጠረ ሰሞን ዶክተሯ ከመምጣቷ በፊት የነበሩት አዛውንት ናቸው ያስተማሩት፦ የተሳሳተው ላይ አንድ መስመር ይሰመራል፤ ከሥሩ ምን እንደነበረ መነበብ አለበት። መስመሩን አሰመረ፣ ዜሮ ጻፈ።

አሥራ ሁለቱንም ጨርሶ ደብተሩን ይዞ ሄደ።

"ዶክተር፣ እነዚህ ምን ሆነው ነው? ጭራሽ ካልታሰሩት ብሰዋል እኮ።"

"እርስዎም አዩት? ሁለት ሰው አስቆጥሬ አላመንኩም ነበር። የእርስዎ ቁጥር ከተስማማ አበቃለት ብዬ ነው የላክኩዎት።"

"ፋሻቸው ያው ነበር። ቋጠሮውም ያው ነበር።"

"ቀኑ ነው የተለየው። የእርስዎን ሰማያዊዎች በስምንተኛው ቀን ነው ያሰርናቸው። እነዚህን በማግስቱ።"

በመስታወት ላይ የተነጠፉ፣ ከሁለቱም ወገን ቀድመው ለምርመራ ከተገደሉ አይጦች የተወሰዱ ስስ የአንጎል ቁራጮች አሳየችው። ደህናው ሥጋ በማቅለሚያው ቀልቷል፤ የሞተው ነጭ ሆኖ ቀርቷል። በሰማያዊዎቹ ላይ ነጩ የምስር ፍሬ ያህላል። በቀዮቹ ላይ ባቄላ ያህላል።

"አንጎል በተመታ ማግስት" አለች "በቁስሉ ዙሪያ ያለው ገና ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ላይ ነው። ቢተዉት ከፊሉ ይተርፋል። እኛ ግን ያን ጊዜ ሥራ ብለን አስገደድነው። ሊተርፍ የነበረውም ሞተ።"

"ከዚያ በኋላ ቢፈቱስ?"

"የሞተው አይመለስም። የቀረው ግን ካረፈ በኋላ ቀስ በቀስ ሊማር ይችላል።"

"በሰውስ?"

"የሰውን አናውቅም፣ ጋሼ። አይጥ ሰው አይደለም። ሐኪሞችም በመጀመሪያዎቹ ቀናት አያስሩም።" መስታወቱን አስቀምጣ አየችው። "ባለቤትዎ እንዴት ናቸው?"

"ደህና ናት" አለ።

ከሰዓት በኋላውን ቀዮቹን ሲያጸዳ ዋለ። ፋሻቸው ከተፈታ ቆይቷል። እንዲያም ሆኖ ደህናውን እጃቸውን ሲያነሱ ፈራ ተባ ይላሉ።

ቤቱ የደረሰው ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ነው። ልጁ የግቢው በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው ቆይታ ተሰናበተችው፤ ነገ ጠዋት በመኪና መጥታ ትወስዳቸዋለች። ገብቶ በሩን ዘጋና ወደ ሚስቱ ዞረ።

ጠረጴዛው ፊት ተቀምጣለች። አርባዎቹ አዝራሮች ተበትነዋል። ካልሲው ቀኝ እጇ ላይ ተጠልቋል፤ ከንፈሯ ላይ የካልሲው ክር ቀርቷል። በጥርሷ ጎትታ ነው ያጠለቀችው።

"እንዳትቆጣኝ ብዬ ቀድሜ ተዘጋጀሁ" አለች። "ፋሻው ግን አልሆነልኝም። ና እሰረኝ።"

 ከፊቷ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ካልሲውን ከእጇ አወለቀና ጭኑ ላይ አጣጠፈው፣ እንደገና ፈታው፣ እንደገና አጣጠፈው።

"ምን ሆንክ? አይጥ ሞተብህ?"

"አልሞቱም። ከማግስቱ ጀምሮ የታሰሩት ባሰባቸው። ቁስሉ ሰፋ። የዳኑት ሳምንት አርፈው የታሰሩት ናቸው። እኔ የማውቀው የዳኑትን ብቻ ነበር።"

ሚስቱ ግራ እጇን በቀኟ አንስታ እንደ ሰው ዕቃ ጭኗ ላይ አኖረችው፤ አየችው።

"እኔ በስንተኛው ቀን ነው የታሰርኩት?"

"በማግስቱ።"

"ስንት ናቸው፣ እነዚያ የባሰባቸው?"

"አሥራ ሁለት።"

"አሥራ ሦስተኛዋ እኔ ነኛ።"

ሊስቅላት ቃጣው፤ አልሆነለትም። የኮቱ አንድ እጅጌ እንደተገጠመ፣ ሌላው እንደተንጠለጠለ ስፌት መኪናው ላይ አለ። ደንበኛው ሁለት ጊዜ መጥቶ፣ ሁለቴም ሳይጠይቅ ሄዷል።

"እኔ እኮ እየሰነፍኩ አልነበረም" አለች።

"አዎ። አልነበረም።"

"ልጅቷ እንዳትሰማ። ትጠላሃለች። ዕድሜ ልኳን ነው የምትጠላህ።"

"ሐኪሙ ሁለተኛ ስትሮክ ነው ብሏል። መድኃኒቱን ነገ ሊያጠነክረው ነው። ሊያደማሽ ይችላል።"

"እሷ አጠገቡ ቆማ ነው የሚጠይቅህ። ለእሱ ብትነግረው ለእሷ ነገርካት ማለት ነው።" አንገቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። "እኔ አልናገርም። አንተ እንደፈቀድክ። እንግዲህ እጄን ከሆነ ወስደኸዋል።"

ደብተሩን ይዞ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ክብሪቱ ምድጃው ጎን ነበር። ደብተሩ ቀጭን ነው፤ የተጻፈበት አምስት ገጽ ቢሆን ነው። ቢያቃጥለው የሚያውቅ ሰው የለም። የምታውቀው አንዷም አልናገርም ብላለች። ክብሪቱን አንስቶ ሳጥኑን ሁለቴ አገላበጠው። ከወዲያ ክፍል ትክ፣ ትክ የሚል ድምፅ መጣ፤ ሚስቱ አዝራሮቹን በደህና እጇ ወደ ቆርቆሮው እየመለሰች ነው። ሳያስበው ቆጠረ። አርባ ሲሞላ ድምፁ ቆመ።

ክብሪቱን መልሶ አኖረ። ብዕሩን አወጣና ቆሞ፣ ደብተሩን ምድጃው ጠርዝ ላይ አስደግፎ ገለጠ። ሰነፈች በሚለው የመጀመሪያ ቃል ላይ አንድ መስመር አሰመረ፤ ከሥሩ እንዲነበብ አድርጎ። አጠገቡ "ታስራ ነበር" ብሎ ጻፈ። ወደ ሁለተኛው ወረደ። ከዚያ ወደ ሦስተኛው። አንዱንም አልዘለለም። የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ፣ በልጅነቱ ተማሪ ቤት በተማረው ትልልቅ ፊደል፣ "በወደቀችበት ማግስት መታሰር ጀመረች፤ ያሰርኳት እኔ ነኝ" ብሎ ጻፈና ቀን አኖረበት።

የሆስፒታል ካርዷ ያለበት ቦርሳ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ደብተሩን ካርዱ ባለበት ኪስ ውስጥ ከካርዱ በላይ ከተተው። ልጃቸው ነገ ጠዋት ካርዱን ለማውጣት መጀመሪያ እጇን የምትሰደው እዚያ ነው።